በረሃ ለተመደባችሁ ልጆች

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ምድባችሁ የሶማሌ ክልሉ ሲቲ ዞን የሆነባችሁ «በረሃ ተወረወርኩ» ስትሉ እሰማለሁ። እኔ ድሬዳዋ ተቀምጬ ዕድሜዬን በውሃ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። አትዘኑ፣ ግን ሳታውቁት አትግቡበት።

መጀመሪያ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እወቁ። ደንገጎ ዳገት ላይ የዘነበው በከተማችን አልፎ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ባሕር ሳይደርስ አሸዋው ይውጠዋል። ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ግን በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ዝናቡ የጣለው ደጋ ላይ ነበር። ቆላው ሰማዩ ጠርቷል ብላችሁ አሸዋ ወንዝ ውስጥ መኪና እንዳታቆሙ፣ አደራ።

አስተዳደሩም እንደ መልክዓ ምድሩ ነው። የዞኑ ከተማ የሽንሌ ሰው ለክልል ጉዳይ ጅግጅጋ ድረስ ይሄዳል። ገበያውና ሐኪም ቤቱ ግን አፍንጫው ሥር ያለችው ድሬ ናት፤ እሷ ደግሞ በ1996 በወጣው ቻርተር ተጠሪነቷ ለፌዴራል ነው። የሁለቱንም ወገን ስልክ ያዙ። አዲጋላ፣ አይሻና ደወሌ በባቡሩ መስመር ላይ ስለሆኑ ለመድረስ አይከብዱም። ከመስመሩ ስትወጡ ግን ቀበሌ ማለት ካርታ ላይ ያለ ስም ነው፤ ሰዉ ግመሉን ተከትሎ ሄዷል። የት እንዳለ የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። በሄር ኢሴ፣ ማለትም በኢሳ ሶማሌዎች ባህላዊ ሕግ፣ የሚዳኙት እነሱ ናቸውና ከወረዳው ሊቀመንበር ቀጥሎ እነሱን ሰላም በሉ። (ሄር ኢሴን ዩኔስኮ በ2017 መዝግቦታል፤ ለኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው።)

አሁን ዋናው። ቢርካ፣ ማለትም የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት የመሬት ውስጥ ገንዳ፣ ስታዩ ውሃውን ብቻ አትዩ። አፉ ላይ ጎርፉ ከመግባቱ በፊት ደለል የሚያስቀርበት ትንሽ ጉድጓድ አለ። እሱ ከሞላ ጭቃው በሙሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሚይዘውም ውሃ በየዓመቱ ይቀንሳል። ማስጠረግ ያለባችሁ ካረን የሚባለው የክረምት ዝናብ በሐምሌ ሳይጀምር ነው፤ ማለትም ሰኔ ላይ። ሰኔ ደግሞ ፋይናንስ ሒሳብ የሚዘጋበት ወር ነው! «በጀት የለም፣ ሐምሌ ና» ይሏችኋል። ሐምሌ ስትመለሱ ጎርፉ ቀድሟችኋል። ስንት ቢርካ እንዲህ ሲደፈን አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የጠረጋውን የክፍያ ጥያቄ በሚያዝያ አስገቡ። አካፋና የሠራተኛ ስም ዝርዝሩን በግንቦት ጨርሱ።