የፓህላቪ ቤት እንዴት በአንድ ዓመት ፈረሰ? የታብሪዙ ሽማግሌ የነገሩኝ

አንድ አባላችን «የኢራኑ ሻህ ያን ሁሉ ጦርና የነዳጅ ገንዘብ ይዞ እንዴት በአንድ ዓመት ወደቀ? ቤተሰቡስ ከየት መጥቶ ነው የነገሠው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። የታሪክ ሰው አይደለሁም። ጀርመን አገር አረጋውያን ስንከባከብ ሦስት ዓመት ያህል ታብሪዝ ከምትባል የኢራን ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩኝ። ግማሹን ከእሳቸው ሰማሁ፤ የቀረውን እሳቸው ጉጉት ስለጫሩብኝ አነበብኩት። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አነሳሱ አጭር ነው። የፓህላቪን ቤት የመሠረተው ሬዛ ኻን ማዛንዳራን በሚባል የሰሜን ኢራን ክፍለ ሀገር ውስጥ አላሽት ከምትባል የተራራ መንደር የወጣ ወታደር እንጂ የንጉሥ ዘር አልነበረም። ሩሲያውያን መኮንኖች ባደራጁት የኮሳክ ብርጌድ ከታች ተነስቶ አዛዥ ሆነ፤ በ1921 ጦሩን ይዞ ቴህራን ገባ፤ በ1925 ምክር ቤቱ እስከዚያ የነገሡትን የቃጃር ቤተሰብ ሻረ፤ ቀጥሎ የተጠራ መሥራች ጉባኤም ዘውዱን ለእሱ ሰጠው። 1,394 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ የቴህራን ዩኒቨርሲቲን ከፈተ፣ በ1936 ደግሞ የሴቶችን ሂጃብ በፖሊስ ኃይል አስወለቀ። በ1941 እንግሊዝና ሶቪየት አገሩን ሲወሩ ዙፋኑን ለ21 ዓመት ልጁ ለቆ ተሰደደና ጆሃንስበርግ ሞተ። ልጁ መሐመድ ሬዛም በ1953 ነዳጁን ከእንግሊዞች የወረሰውን ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴቅን ለማውረድ ሞክሮ መጀመሪያ ሲከሽፍበት ሮም ድረስ ሸሸ። የተመለሰው አሜሪካና እንግሊዝ በደገፉት መፈንቅለ መንግሥት ነው። በእኔ እምነት ሕዝቡና ሻሁ ከዚያ ወዲያ ተማምነው አያውቁም።

ስለ አወዳደቁ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ሳቫክን ነው፣ የጸጥታ ድርጅቱን። ልክ ነው፣ አስፈሪ ነበር። ሽማግሌው ግን የሚያነሱት ባዛሩን፣ የነጋዴዎቹን የድሮ ገበያ ነበር። ከ1973 በኋላ የነዳጅ ዋጋ አራት እጥፍ አደገ፤ ገንዘቡ አገሩን ሲያጥለቀልቀው ኑሮ ጣራ ነካ። መንግሥት በ1975 ጥፋቱን ነጋዴው ላይ ጣለና ተማሪዎችን ዋጋ ተቆጣጣሪ አድርጎ ባዛር ውስጥ አሰማራ። የሽማግሌው አባት ሻይና ስኳር ቸርቻሪ ነበሩ። የልጃቸው እኩያ የሆነ ጎረምሳ ሚዛናቸው ፊት ቆሞ ደረሰኝ ጠየቃቸው፤ ተቀጡ፣ ሱቁም ታሸገ። «አባቴ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እያሻሸ ሁለት ሳምንት ቤት ዋለ» ይሉኝ ነበር። በዚያው ዓመት ሻሁ ፓርቲዎችን አፍርሶ ራስታኺዝ የሚባል አንድ ፓርቲ ብቻ አስቀረ። ነጋዴው አቤት የሚልበት ከመስጊድ ሌላ ምን ቀረው?

በጥር 1978 አንድ ጋዜጣ በስደት ያለውን የሃይማኖት መሪ ኾሜይኒን የሚያዋርድ ጽሑፍ አወጣ። ቆም በምትባል ከተማ የሃይማኖት ተማሪዎች ተቆጥተው ወጡ፤ ተተኮሰባቸው። ሺዓዎችም እንደኛው የሟችን አርባ ያወጣሉ። በአርባኛው ቀን፣ በየካቲት፣ የታብሪዝ ሕዝብ ለጸሎት ሲሰበሰብ ፖሊስ የመስጊዱን በር ዘጋበት። ከተማው ተናወጠ፤ ሽማግሌው ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሆነው እዚያው ነበሩ። እዚያም ሰው ሞተ። ለታብሪዝ ሟቾች አርባ ሲወጣ ደግሞ ያዝድ ከተማ ላይ ሌላ ደም ፈሰሰ። ጦር ሰልፍ ይበትናል፤ ለቅሶን ግን ምን ያደርገዋል? በነሐሴ አባዳን ውስጥ ሲኒማ ሬክስ ተቃጥሎ ከ400 በላይ ሰው ሲያልቅ ብዙው ሕዝብ መንግሥትን ጠረጠረ። በመስከረም ቴህራን ጃሌህ አደባባይ ላይ ተተኮሰ። ቀጥሎ የነዳጅ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ያኔ አለቀ። ሻሁ ራሱ በምስጢር በተያዘ ካንሰር እየታመመ ነበር። ጥር 16 ቀን 1979 አገሩን ለቆ ወጣ፤ በየካቲት ጦሩ ገለልተኛ ነኝ አለ።

የእኛው ጃንሆይ በ1971 ፐርሰፖሊስ ላይ በተደረገው የ2,500 ዓመት በዓል ከክብር እንግዶቹ አንዱ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ እሳቸውም ወረዱ።

ሽማግሌው አልጋቸው አጠገብ ባለው መሳቢያ አንድ አሮጌ የሪያል ኖት ነበራቸው። ከአብዮቱ በኋላ አዲስ ገንዘብ እስኪታተም የሻሁን ምስል በጌጥ ቅርጽ ደርበው እያተሙ ይሸፍኑት ነበር። መስኮት ላይ ብርሃን አስይዘው ሲያሳዩኝ ከጌጡ ሥር ጆሮውና ትከሻው ይታያል። «ሻሁን ይወዱት ነበር?» አልኳቸው። «በፍጹም» አሉኝ፤ «ይቺን አባቴ ከሱቁ ያስቀራት ናት።»