የብር መለያ መብራት መርዝ ያሳያል ወይ?

ውሃ ውስጥ ተደብቀው ስለሚገኙ መርዛማ ብረቶች ከጻፍኩ ወዲህ ከጅማ የመጣው ጥያቄ ከሌላው ከተማ ሁሉ በልጧል። አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ እርሳስ ስታኝክ ነው የምትውለው። መርዝ ነው ብለው መጻፍዎን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። (እናት፣ ከሄርማታ)

መልስ፦ ይተኙ እመቤቴ። ጥፋቱ የስሙ ነው። የደብተሩ እርሳስ ውስጡ ግራፋይት፣ ማለትም ካርቦን ነው። መርዛማው የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ብረት ነው፤ ቋንቋችን ለሁለቱ አንድ ስም ሰጥቶ አደናገረን።

ጥያቄ፦ ሱቄ ውስጥ ሐሰተኛ ብር የምለይበት ሐምራዊ መብራት አለ። የጀሪካን ውሃ ላይ ባበራው ሜርኩሪ ካለ ያሳየኛል? (ባለሱቅ፣ ከመርካቶ)

መልስ፦ አያሳይዎትም። ብሩ ላይ የሚፈካው ሆን ተብሎ የታተመበት ቀለም ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟ ሜርኩሪ ግን በመብራትዎ ሥር ዝም ይላል፤ የሚያሳብቅበት ሌላ ሞለኪውል ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ከሮዳሚን ቀለም የሚሠራ ነው። ኬሚስቶች ሞለኪውሉን ቀለበት አድርገው ይዘጉትና ሰልፈር ያስገቡበታል። እንደተዘጋ ቀለም የለውም፣ አይፈካም። ሜርኩሪ ደግሞ ሰልፈር ሲያይ አያስችለውም፤ ይነጥቀዋል፣ ቀለበቱም ይከፈታል። ያን ጊዜ እንደ ውሃ ጥርት ያለው ፈሳሽ ሮዝ ይሆናል፤ አረንጓዴ ብርሃን ሲያርፍበትም ወደ ብርቱካናማ ይፈካል። ነገሩ እንደ ክብሪት ነው፤ አንዴ ከተጫረ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ያረጀ ቤት ገዝቼ የግድግዳውን ቀለም ልፍቅ ነው። እርሳስ እንዳለበት በምን አውቃለሁ? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ የባለሱቁ መብራት ለእርስዎ ነበር የሚጠቅመው። አምስተርዳም በሚገኘው አሞልፍ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች በ2023 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ ሜቲል አሞኒየም ብሮማይድ የተባለ ኬሚካል እርሳስ ባለበት ገጽ ላይ ሲረጭ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ፔሮቭስካይት የተባለ ክሪስታል ይሆናል፤ እንደ ባለሱቁ ባለ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥርም አረንጓዴ ይፈካል። እስኪጣራ ድረስ ግን በደረቁ አይፋቁት፤ አቧራው ነው ጠላትዎ።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ ከአዌቱ ወንዝ ውሃ ቀድቼ ፍካቱን ለካሁ። የሜርኩሪ መለያ ኬሚካሉን ሳልጨምርበት በፊት ይፈካል። ተበክሏል ልበል? (ተማሪ)

መልስ፦ እንዳትል! ይህን ጥያቄ የወደድኩት ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ስለሚያልፈው ነው። የበሰበሰ ቅጠል ወደ ውሃ የሚለቀው ቡናማ ነገር በራሱ ሰማያዊ ይፈካል። የዱቄት ሳሙናም እንዲሁ ነው፤ ልብስ ነጭ እንዲመስል የሚጨመርበት ኬሚካል አለ። የታጠበ ነጭ ሸሚዝህን ሐምራዊ መብራት ሥር አስገባና እይ። ከድልድዩ በታች ልብስ ሲታጠብ ከቀዳህ የለካኸው ሳሙናውን ሊሆን ይችላል። በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ የደፈረሰው ውሃ ብርሃኑን ራሱ ይውጠውና ያለው መርዝ የሌለ ይመስላል። ስለዚህ ውሃውን አጣርተህ ሦስት ጠርሙስ ላይ ክፈል። አንደኛው ኬሚካሉ የሌለበት ይሁን፤ ንባቡን ከሌሎቹ ትቀንሳለህ። ሁለተኛው ላይ ኬሚካሉን ብቻ ጨምር፤ ሦስተኛው ላይ ኬሚካሉንና መጠኑን የምታውቀውን ሜርኩሪ፣ ለምሳሌ በሊትር 5 ማይክሮ ግራም። ሦስተኛው ከሁለተኛው የሚበልጠው በ5 ሳይሆን በ3 ማይክሮ ግራም ብቻ ከሆነ ወንዙ ብርሃንህን እየሰረቀህ ነውና በዚያው ልክ አርመህ አስላ። አማካሪህ ይህን ሠንጠረዥ ሳያይ ባይፈርምልህ አትቀየመው።

ጥያቄ፦ ውሃውን ባፈላው እርሳሱ አይጠፋም? (ከጅሬን)

መልስ፦ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ብረት ግን አይሞትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የእርሳስ መጠን በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 0.2 ሚሊ ግራም፣ ሦስት ቅንጣት ጨው ቢመዝን ነው። ውሃው ግማሽ እስኪሆን ቢያፈሉት እነዚያው ሦስት ቅንጣቶች በ10 ሊትር ውስጥ ይጠብቁዎታል።