መብራታችን ከውሃ ከሆነ ሆቴላችን ምን ካርቦን አለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባህር ዳር 24 ክፍል ያለው ሆቴል ነው የማስተዳድረው። አንድ የውጭ አስጎብኚ ድርጅት እንግዳ ከመላኩ በፊት በአንድ ክፍል በሌሊት ስንት ኪሎ ካርቦን ትለቃላችሁ የሚል ፎርም ላከልን፣ እኛ መብራታችን ከውሃ ስለሆነ ዜሮ ብለን ልንሞላው ነው፣ ልክ ነን? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለን፣ ኪችኑም ግማሹ በከሰል ነው የሚሰራው።

መልስ፦ ወንድማለም፣ ዜሮ ብለህ እንዳትሞላው። ስለ መብራቱ ያልከው እውነት ነው፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሆነ በቆጣሪው በኩል ያለው ካርቦን በጣም ትንሽ ነው። ግን ውሃውም ቢሆን ነፃ አይደለም እኮ፣ የጢስ አባይ ሁለተኛው የመብራት ማመንጫ ጣቢያ በ2001 እ.ኤ.አ ስራ ሲጀምር ውሃው ከፏፏቴው በላይ እየተጠለፈ ፏፏቴው ሳሳ፣ በ2010 እ.ኤ.አ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ በቀጥታ ከሀይቁ መውሰድ ጀመረ፣ እንግዳህ የሚመጣው ያንን ፏፏቴ ሊያይ ነው፣ ስለዚህ የሻወር ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ዝም ብሎ ሲበራ ሲያድር እኔን በጣም ያመኛል። 100 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 4.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በባህር ዳር ፀሀይ ጣሪያ ላይ የሶላር ማሞቂያ ብታስገጥም ከክረምቱ ውጪ አብዛኛውን ይሸፍንልሃል።

አሁን ወደ ጀነሬተሩ እንምጣ፣ ዋናው ጉድ ያለው እዛ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ማታ 20 ሊትር ከጨረሰ 54 ኪሎ ነው፣ የሚካፈለው ደግሞ ላለህ 24 ክፍል ሳይሆን ያን ሌሊት ለተያዘው ነው፣ 9 ክፍል ብቻ ተይዞ ከሆነ ለእያንዳንዱ 6 ኪሎ ደረሰው ማለት ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ይሄ ቁጥር ዝም ብሎ ይተኮሳል፣ ምክንያቱም ጀነሬተር ጭነቱ ትንሽ ነው ብሎ ናፍጣውን በዛው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ጀነሬተሩ ጋ ደብተር አስቀምጥ፣ ዘበኛው የተነሳበትንና የጠፋበትን ሰዓት፣ የተቀዳለትን ሊትር ይጻፍ፣ የዓመቱን ደምረህ በዓመቱ ለተያዙት የክፍል ሌሊቶች ታካፍላለህ። ለአምፖል፣ ለዋይፋይና ለሪሴፕሽን ኮምፒውተር ከሆነ ሶላርና ባትሪ ይበቃል፣ እነሱን ብቻ ለማብራት ያን ትልቅ ሞተር ማስነሳት ምንም አያስፈልግም።

ከሰሉን ዝም ብለህ በአንድ ዋጋ እንዳትቆጥረው። የተፈጥሮ ደን ተጨፍጭፎ የመጣና እንደ አዊ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዛፍ ተክሎ፣ ቆርጦ፣ መልሶ የሚተክል ሰው ያከሰለው አንድ አይደለም፣ አቅራቢህን ከየት ነው የምታመጣው ብለህ ጠይቀው። የእንጀራው ግን ቶሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይዙር፣ የወጥ ቤት እህቶቻችን ዓይንና ሳንባም ይታሰብ እንጂ።

ኤሲ ካላችሁ ደግሞ በየጊዜው ጋዝ ሙሉልኝ የሚለውን ተከታተሉት፣ የሚያፈስ ነው። አር 22 የሚባለው ጋዝ አንድ ኪሎው ሲያመልጥ ከ1,800 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ያሞቃል፣ ስለዚህ ከመሙላቱ በፊት ቀዳዳውን ያስደፍኑት።