ክፍሉን የለቀቅሁበት ሳምንት

ልጆቼ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ተማሪ ጠጋ ብላ፣ «አብራኝ የምትኖረው ልጅ የወግ አጥባቂ ተማሪዎች ማኅበር ገባች፤ ቤት ልቀይር?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ተለያየን። የአርባ ዓመት ነገር ቀስቅሳብኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ለሁለተኛ የሥልጣን ዘመን ሲወዳደሩ፣ እዚህ አሜሪካ ከአንድ የአገሬ ልጅ ጋር አንድ ክፍል እንኖር ነበር። ታላቅ ወንድሙ በቀይ ሽብር ተገድሏል፤ እሱ በሱዳን በኩል በእግሩ ነው የወጣው። አንድ ማታ ምስር ወጡን በቀኝ እጁ እያማሰለ፣ በግራው የያዛትን ወረቀት ያነብልኝ ጀመር። ያንግ አሜሪካንስ ፎር ፍሪደም የሚባለው የወግ አጥባቂ ወጣቶች ማኅበር የተመሠረተበት የሻሮን መግለጫ ነበር። ለነፃነት ትልቁ ስጋት ዓለም አቀፉ ኮሙኒዝም ነው የሚለው ላይ ሲደርስ ማማሰሉን ተወና «እነዚህ ልጆች የወንድሜን ነገር ያውቃሉ» አለኝ።

«አድኃሪ ሆነሃል» አልኩት። ከተማሪዎች ንቅናቄ ታላላቆቻችን የወረስነው ስድብ ነው። ወጡ እስኪያር ድረስ ቃል አልተለዋወጥንም። በሳምንቱ ክፍሉን ለቀቅሁ። በብርድ የማኅበሩ ጠረጴዛ ጋ ቆሞ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር። የወንድሙን ሙት ዓመት ሲዘክር እንኳ አልሄድኩም።

ስለ ማኅበሩ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1960 ዘጠና ያህል ወጣቶች ኮኔቲከት ውስጥ፣ ሻሮን በሚገኘው የወግ አጥባቂው ጸሐፊ የዊልያም ባክሊ ቤተሰብ ግቢ ተሰብስበው መሠረቱት። መግለጫውን ያረቀቀው ስታንተን ኢቫንስ ገና 26 ዓመቱ ነበር። በ1964 የሪፐብሊካኑ ሴናተር ጎልድዋተር ለፕሬዚዳንትነት እጩ እንዲሆን ከለፉት መካከል የማኅበሩ አባላት ነበሩ። እኛ ግን የስልሳዎቹ የአሜሪካ ተማሪ ሁሉ ግራ ዘመም ይመስለን ነበር። የማኅበሩ ልጆች እርስ በርሳቸውም አንድ ልብ አልነበሩም። በ1969 ሴንት ሉዊስ ጉባኤያቸው ላይ አንዱ የውትድርና ምልመላ ካርዴ ነው ብሎ በእሳት ቢለኩስ አዳራሹ ታመሰ፤ ብዙ ሊበርታሪያኖችም (መንግሥት በግለሰብ ሕይወት እጁን እንዳያስገባ የሚሹት) ተለይተው ወጡ።

እኔ ዛሬም ከእነሱ ጋር አልስማማም። ጎልድዋተር የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ በሴኔት የተቃወመ ሰው ነው። «ጥቁር ሆነህ ይህን እንዴት ታየዋለህ?» ብዬ ጓደኛዬን ልጠይቀው እችል ነበር። አልጠየቅሁትም፤ ስድቡ ቀለለኝ። እናንተም ሰውን ከስልካችሁ ማጥፋት እንዴት እንደቀለላችሁ ሳይ እፈራለሁ።

ልጄ፣ ቤቱን ስለመልቀቅ እኔ አልወስንልሽም። ስብሰባ ሲኖራቸው ግን አንድ ቀን አብረሻት ሂጂ። እኔን ያ ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ጋብዞኝ ነበር።