ቤንዚን ሲወደድ ጣታችንን ማን ላይ እንቀስር?

ቤንዚን በጨመረ ቁጥር የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ይበዛሉ፤ ቁጣቸውም ይከርራል። አብዛኞቹ ፍርዱን ጨርሰው የሚመጡ ናቸው፤ ጥፋተኛው የነዳጅ ኩባንያ ነው፣ ከእኔ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ። ዛሬ ከእነዚህ ጥቂቶቹን መርጬ እመልሳለሁ። ረዣዥሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ ስድብ ካለባቸውም ስድቡን አውጥቼ ጥያቄውን አስቀርቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ ይንገሩኝ። ቤንዚኑን የሚያስወድዱት ኩባንያዎቹ ናቸው ወይስ አይደሉም?

መልስ፦ ዋጋውን ሽቅብ የሚያስወጡት በአብዛኛው እነሱ አይደሉም። ከወጣ በኋላ ግን ዋነኞቹ ተጠቃሚዎች እነሱ ናቸው፤ ሲወርድም ለማውረድ አይጣደፉም። ክስ የሚያስኬደው በኋለኞቹ ሁለቱ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚከሳቸው ግን በመጀመሪያው ነው።

ለአንድ ሊትር ቤንዚን የምንከፍለው ገንዘብ አራት ቦታ ይከፋፈላል፦ ለድፍድፍ ነዳጁ፣ ለማጣሪያው፣ ለማጓጓዣና ለማደያው፣ የቀረው ለግብር። ግብሩ ዝቅተኛ በሆነበት አገር ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ድፍድፉ ነው። ግብር በከበደባቸው ብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ ከዋጋው ግማሽ ያህሉ መንግሥት ካዝና ይገባል። ድፍድፉ የሚሸጠው በዓለም ገበያ ነው። ዓለም በቀን 100 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ይጠቀማል፤ ከግል ኩባንያዎች መካከል ግዙፍ የሚባለው ኤክሶንሞቢል እንኳ የሚያመርተው ከዚህ አምስት በመቶ አይሞላም። በዚህ ድርሻ ለዓለም ዋጋ መቁረጥ አይቻልም።

2020ን ያስታውሱ። በኮሮና ሰበብ ሰው ቤቱ ተዘግቶበት፣ አውሮፕላኑም መኪናውም ቆሞ፣ ድፍድፍ ማስቀመጫ ቦታ ታጣ። ኤፕሪል 20 ቀን የአሜሪካው ድፍድፍ የቅርብ ወር ውል (በሚቀጥለው ወር ለመረከብ ዛሬ የሚገዛበት ውል) ከዜሮ በታች ወርዶ በርሜሉ 37.63 ዶላር ኔጌቲቭ ላይ ተዘጋ፤ ሻጩ ከኪሱ እየከፈለ «ውሰድልኝ» አለ ማለት ነው። ኤክሶንሞቢል በዚያ ዓመት 22.4 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ዋጋው ተተኮሰ፤ ያው ኩባንያ 55.7 ቢሊዮን ዶላር አተረፈ። ስግብግብነታቸው በ2020 ጠፍቶ በ2022 የተመለሰ አይመስለኝም። በሁለቱም ዓመት ያው ነበር፤ የተለወጠው ገበያው ነው።

ጥያቄ፦ ኩባንያዎቹ ካልሆኑ ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? ኦፔክ የሚባለው የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር ነው አይደል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በ1950ዎቹ ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሴ «ኩባንያዎቹ» ይሆን ነበር፤ ያኔ ክሱ ልክ ነበር። «ሰባቱ እኅትማማቾች» የሚባሉት የአሜሪካና የአውሮፓ ኩባንያዎች የመካከለኛው ምሥራቅን ነዳጅ ከጉድጓዱ እስከ ማደያው ይዘውት ነበር፤ ዋጋውንም ራሳቸው ያውጁ ነበር። በኦገስት 1960 ከእነዚህ አንዱ፣ የዛሬው ኤክሶን ቅድመ አያት የሆነው የኒው ጀርሲው ስታንዳርድ ኦይል፣ አምራቾቹን አገሮች ሳያማክር ዋጋ ቀነሰ። የአገሮቹ ገቢ የሚሰላው በዚያው ዋጋ ነበርና ተቆጡ። በሚቀጥለው ወር ኢራን፣ ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ቬንዙዌላ ባግዳድ ላይ ተሰብስበው ኦፔክን መሠረቱ። በ1973ቱ የዓረብና የእስራኤል ጦርነት ጊዜ የዓረብ አምራቾች ማዕቀብ ሲጥሉ በሦስት ዶላር አካባቢ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ከዚያ ወዲህ አገሮቹ ጉድጓዶቻቸውን ስለወረሱ፣ ዛሬ አብዛኛው የዓለም የነዳጅ ክምችት ያለው በመንግሥታት ኩባንያዎች እጅ ነው። የሳዑዲው አራምኮ በ2022 ያተረፈው 161 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ የኤክሶንሞቢልን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለ አራምኮ ግን አንድም የቁጣ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም።

ኦፔክም ቢሆን ሁሉን ቻይ አይደለም። ከ2016 ጀምሮ ሩሲያን የመሰሉ አምራቾችን ጨምሮ «ኦፔክ ፕላስ» በሚል ስም ምርት ይቀንሳል፣ ይጨምራል፤ በኦክቶበር 2022 ለምሳሌ የምርት ጣሪያውን በቀን በ2 ሚሊዮን በርሜል ለመቀነስ ወሰነ። ነገር ግን አሜሪካኖቹ ድንጋይ እየሰነጠቁ ነዳጅ ማውጣት ከቻሉ ወዲህ ገበያው ከእጁ ሾልኮበታል። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው በርሜል በ2015 መጀመሪያ ከ50 በታች ሲወርድ ኦፔክ ቆሞ ተመልክቷል።

የቀረው ፍርሃት ነው። ሰው ቤንዚን ተወደደ ብሎ ሥራ አይቀርም፤ ስለዚህ ትንሽ እጥረት ዋጋውን ብዙ ያንረዋል። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ እጥረቱ እስኪመጣ አይጠብቅም። በሆርሙዝ ወሽመጥ በሰላሙ ጊዜ የዓለም ፍጆታ አንድ አምስተኛ ያህል ያልፋል፤ እዚያ አካባቢ ጥይት ሲተኮስ አንዲት መርከብ እንኳ ሳትስተጓጎል ዋጋው ቀድሞ ይነሳል።

ጥያቄ፦ በማደያው ጋን ውስጥ ያለው ቤንዚን በድሮው ዋጋ የተገዛ ነው። ታዲያ ድፍድፍ በጨመረ ማግስት ለምን ይጨምሩብናል? በጠራራ ፀሐይ ዝርፊያ አይደለም?

መልስ፦ የመጀመሪያው ግማሽ ዝርፊያ አይደለም። የማደያው ባለቤት ዛሬ በሸጠው ገንዘብ ነገ የሚመጣውን ቦቴ መክፈል አለበት። በድሮው ዋጋ ከሸጠ አዲሱን ለመግዛት ገንዘቡ አይበቃውም። ስለዚህ የሚያሰላው በገዛበት ሳይሆን በሚተካበት ዋጋ ነው። እህል ነጋዴም ሆነ ወርቅ ሻጭ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ችግሩ ያለው በሁለተኛው ግማሽ ነው። በዚያው ሒሳብ ከሄድን ድፍድፍ በረከሰ ማግስትም መቀነስ ነበረበት፤ አይቀንስም። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች «እንደ ሮኬት ይወጣል፣ እንደ ላባ ይወርዳል» የሚሉት ይህን ነው፤ በብዙ አገሮች ተጠንቶ የታየ ነገር ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ሤራ ላይሆን ይችላል። ዋጋ ሲጨምር ሁላችንም ርካሽ ማደያ ፍለጋ እንዞራለን፤ መቀነስ ሲጀምር ደግሞ እፎይ ብለን ያገኘንበት እንቀዳለን። ሻጩም ያቺን እፎይታ ያውቃታል። የቅሬታዎን ይህን ክፍል ያለማመንታት እፈርምበታለሁ።

ፊት ለፊት የሚሰደበው ቀጂ ግን አያሳዝንዎትም? የማደያ ትርፍ ከሊትሩ ዋጋ ጥቂት ሳንቲም ነው፤ ብዙ ቦታ የኩባንያው ስምና ቀለም ተለጥፎበት እንጂ ባለቤቱ ሌላ ግለሰብ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉት ይህ ነው። መንግሥት ዋጋ በሚተምንበት አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ክለሳው ሊወጣ ነው ሲባል «ቤንዚን አልቋል» የሚል ማደያ ይበዛል። ያኛው ዝርፊያ ነው ቢሉ አልከራከርዎትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ። ከዓለም ብዙ ድፍድፍ የምታወጣው አሜሪካ ናት ተብለን ተምረናል። ታዲያ እዚያስ ለምን ይወደዳል? ነዳጅ ያለው አገር ለራሱ ሕዝብ በርካሽ አይሸጥም?

መልስ፦ ልጄ፣ የተማርሽው ትክክል ነው፤ ከ2018 ጀምሮ አንደኛዋ እሷ ናት። ነገር ግን ጉድጓዱ የመንግሥት አይደለም፤ ባለቤቱ ለጎረቤቱ በርካሽ የሚሸጥበት ምክንያት የለውም፣ ዓለም የሚከፍለውን ይጠይቃል። በዚያ ላይ ድፍድፍ ሁሉ አንድ አይደለም። አሜሪካ አሁን በብዛት የምታወጣው ቀላሉን፣ ማለትም ቀጭኑን ነው፤ ብዙዎቹ ማጣሪያዎቿ ግን ከባዱን፣ ወፍራሙን እንዲያጣሩ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ አንዱን ትሸጣለች፣ ሌላውን ትገዛለች።

በርካሽ የሚሸጡ አሉ፤ ቬንዙዌላና ኢራን በድጎማ ለረጅም ጊዜ ከውኃ ባነሰ ዋጋ ሲሸጡ ኖረዋል። ያ ነዳጅ ድንበር እየተሻገረ በኮንትሮባንድ ይቸበቸባል፤ የድጎማውን ዕዳ ግን ሕዝቡ በሌላ በኩል ይከፍለዋል። ኖርዌይ በተቃራኒው ነዳጅ እያመረተች ለዜጋዋ ከዓለም ውድ ከሚባለው ተርታ ትሸጣለች፤ ግብሩን ከፍ አድርጋ ነው። ከነዳጅ የሚገኘውንም ገቢ ለመጪው ትውልድ በፈንድ ታስቀምጣለች። የቱ ይሻላል ብለሽ ከጠየቅሽኝ እኔ የኖርዌይን እመርጣለሁ፤ ግን እዚያ መኪና የምነዳው እኔ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ድፍድፍ ከድሮው ረክሶ ቤንዚን ከድሮው የተወደደበት ጊዜ አለ። ይህንንስ በዓለም ገበያ ያመካኙታል?

መልስ፦ በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ሁሉ ምርጡ ጥያቄ ይህ ነው። በጁላይ 2008 ድፍድፍ ወደ 147 ዶላር ሲወጣ በአሜሪካ የአንድ ጋሎን ቤንዚን አማካይ ዋጋ 4.11 ዶላር አካባቢ ነበር። በጁን 2022 ድፍድፉ 120 ዶላር ገደማ ሆኖ ሳለ ጋሎኑ 5 ዶላር አለፈ። በመሃሉ የነበረውን የዋጋ ግሽበት ብንቆጥርም፣ ድፍድፉ ብቻውን ይህን አያስረዳም። ማነቆው ማጣሪያው ነበር።

ድፍድፍ መኪና ውስጥ አይገባም፤ መጣራት አለበት። በኮሮና ጊዜ ፈላጊ ሲጠፋ በርከት ያሉ ማጣሪያዎች ለዘለቄታው ተዘጉ። ፍላጎቱ ሲመለስ የቀሩት ማጣሪያዎች አልበቁም፤ የሩሲያ ናፍጣም ከገበያ መሸሽ ጀመረ። በድፍድፍና በተጣራው መካከል ያለው ልዩነት አበጠ፤ ያ ልዩነት የገባው የማጣሪያ ባለቤቶች ኪስ ነው። በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለችው ማዕበል የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ማጣሪያዎችን ስታቆምም ይኸው ታይቷል።

ማጣሪያ ለመገንባት ቢሊዮኖችና ዓመታት ይፈጃል፤ የኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ነው በሚባልበት ዘመን ደግሞ ደፍሮ የሚገነባ ጥቂት ነው። ያሉት ባለቤቶች እጥረቱ ቢቀጥል የሚጎዳቸው ነገር የለም። ሕግ አልጣሱ ይሆናል፤ ለእጥረቱ መፍትሔ ይፈልጋሉ ብሎ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሁሉ ዓይኑን ከማደያው አንሥቶ እዚህ ላይ ቢተክል ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ተደብቀው ዋጋ ይመካከራሉ የሚባለውስ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ተመርምሯል፤ የሚገኘው ከሚወራው ያነሰ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከካትሪና በኋላ መርምሮ በ2006 ባወጣው ዘገባ ሕገወጥ የገበያ ማጭበርበር አላገኘሁም አለ። በ2024 ግን ያው ኮሚሽን ፓዮኒር የተባለውን የአሜሪካ ነዳጅ አምራች ኩባንያ የቀድሞ ኃላፊ ከኦፔክ ሰዎች ጋር በምርት ጉዳይ ለመግባባት ሞክሯል ሲል ከሰሰ፤ እሳቸው ክሱን አስተባበሉ፣ በ2025 ኮሚሽኑ በጉዳዩ በእሳቸው ላይ የሰጠውን ውሳኔ ራሱ አነሣው። እኔ ከድብቁ ይልቅ የሚያሳስበኝ በአደባባይ የሚነገረው ነው፤ ኩባንያዎቹ ለባለአክሲዮኖቻቸው «ዋጋ ቢጨምርም ብዙ አንቆፍርም» እያሉ ቃል ሲገቡ የሚከለክላቸው ሕግ የለም።

ጥያቄ፦ መንግሥታት ይህን ሁሉ ትርፍ ለምን አይወስዱትም?

መልስ፦ የወሰዱ አሉ። ብሪታንያ በሜይ 2022 የ25 በመቶ ተጨማሪ ግብር ጣለች፤ ወደ 35፣ ከዚያም ወደ 38 በመቶ አሳደገችው። ጊዜያዊ ነው የተባለው ግብር እስከ 2030 ተራዝሟል። አሜሪካም ከ1980 እስከ 1988 ሞክራው ነበር፤ ዋጋው ሲወርድ የተጠበቀውን ያህል ሳይሰበሰብ ቀረ።

እኔ እደግፈዋለሁ። በጦርነት ሰበብ የመጣ ትርፍ የማንም ብልሃት ውጤት አይደለም። ሼቭሮን በጃንዋሪ 2023 የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት 75 ቢሊዮን ዶላር መመደቡን ሲያውጅ፣ ገንዘቡ አዲስ ጉድጓድ ላይ ይውላል የሚለው ክርክር ሳሳ። ነገር ግን ይህ ግብር ቤንዚን ያረክሳል ብለው አይጠብቁ፤ አያረክስም። የሚጠቅመው ገንዘቡ የትራንስፖርት ዋጋ ለናረበት ድሃ ከደረሰ ነው፤ ካዝና ገብቶ ከቀረ ኩባንያው ጋ ከመቅረቱ የሚለየው በጥቂቱ ነው።

ጥያቄ፦ ሁላችንም ተስማምተን አንድ ቀን ባንቀዳስ?

መልስ፦ በማግሥቱ ሁላችንም ተሰልፈን እንቀዳለን። ፍጆታው ሳይቀንስ የመግዣው ቀን ብቻ ቢለወጥ ገበያው አይሰማውም። ያን ቀን መኪናውን አቁመው በእግር ከሄዱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት በብርዱ ከቀዱ ይበረክታል ይላሉ። ደግሞ ውዱ ቤንዚን ርቀት ይሄዳል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጋኑ ያለው ከመሬት በታች ነው፤ ጠዋትና ከሰዓት ሙቀቱ እምብዛም ስለማይለያይ እንቅልፍዎን ይጨርሱ። ውዱን በተመለከተ፣ ከፍ ያለ ኦክቴን (ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል የመቋቋም መለኪያ) የሚጠቅመው ሞተሩ ለዚያ ለተሠራ መኪና ነው፤ በውስጡ የተለየ ጉልበት የለም። የመኪናዎ መመሪያ ካላዘዘ በቀር ልዩነቱን በፈቃድዎ ለኩባንያው እየሰጡት ነው።