ልጆች ይዞ በቦዩ ዳር፤ ርቀቱን ትንሹ ልጅ ይወስን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎቹም እንዲከተሉን ባጭሩ ልድገመው። በዚህ ክረምት ከባለቤትሽና ከልጆችሽ ጋር ሜሪላንድ ያለችው እህትሽ ጋ ልትሄዱ ነው። እሷ ደግሞ "ከዋሽንግተን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ የድሮ ቦይ አለ፤ ዳሩን ይዘን በብስክሌት እየቆራረጥን እንሄዳለን" ብላሻለች። መንገዱ 297 ኪሎ ሜትር መሆኑን ስትሰሚ ደነገጥሽ። ልጆችሽ 8 እና 12 ዓመታቸው ነው። ብስክሌት የነዱት እዚሁ አዳማ ሰፈራቸው ውስጥ ብቻ ነው። "ይችሉታል ወይ? ከዚህ ሆነን እንዴት እንዘጋጅ?" ነው ያልሽው።

ይችሉታል። እኔ አዳማ ከመመለሴ በፊት እዚያው አካባቢ ኖሬአለሁ። ያንን መንገድ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣን በሁለት ዓመት ጨርሰነዋል። ስንጀምር ትልቋ 11፣ ትንሹ 7 ዓመቱ ነበር። ግን 297 የሚለውን ቁጥር ከአሁኑ ከጭንቅላትሽ አውጪው። በሦስትና በአራት ሳምንት ጉብኝት አይጨረስም፤ መጨረስም የለበትም። እናንተ የምትፈልጉት አራት ወይም አምስት ጥሩ ቀን ነው።

መጀመሪያ መንገዱን ልንገርሽ፤ ካወቅሽው ፍርሃቱ ግማሽ ይሆናል። ቦዩ ቼሳፒክና ኦሃዮ ይባላል። ከዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ተነስቶ ተራራው ሥር እስካለችው ከምበርላንድ ከተማ ይደርሳል። በላዩ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች ይመላለሱ ነበር። ጀልባዎቹን የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ፤ ገመድ ታስሮላቸው በቦዩ ዳር ይሄዳሉ። ዛሬ ብስክሌት የሚነዳበት ያ የበቅሎዎቹ መንገድ ነው። ለዚህ ነው ለልጅ የሚመቸው። የቦይ ውሃ የሚተኛው በደልዳላ መሬት ላይ ስለሆነ፣ ዳሩን ይዞ የሚሄደው መንገድም ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወጣው 184 ሜትር ብቻ ነው። ያንንም የሚወጣው በ74 የውሃ በሮች ነው። ጀልባዋ ሁለት በሮች መሃል ትገባለች፣ ውሃ ይሞላል፣ ከፍ ትላለች፣ ከዚያ ጉዞ ትቀጥላለች። በብስክሌት ስትሄጂ በሩ ጋ ስትደርሺ አጭር ከፍታ አለች፤ አንዴ ጠንከር አድርገሽ ከረገጥሽ አለቀ። መኪና አይገባበትም። አዳማ ላይ ከባጃጅ ጋር ስትጋፊ ለከረምሽ እናት ይህ ብቻውን ትልቅ እረፍት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የቀኑን ርቀት የሚወስነው የአዋቂው ጉልበት አይደለም፤ የትንሹ ልጅ ነው። ይህንን የተማርኩት በልጄ ነው።

ሦስተኛው ጉዟችን ላይ ነው። መኪናችንን ሞኖኬሲ ድልድይ ጋ አቆምን። ድልድዩ ሰባት ቅስት ያለው የድንጋይ ሥራ ነው፤ ቦዩን ከወንዝ በላይ የሚያሻግር፣ ውሃ በውሃ ላይ የሚያልፍበት። ልጆቹ ወደዱት። ከዚያ ብራንስዊክ ወደምትባል ከተማ ጉዞ ጀመርን፤ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሄድን፣ ምሳ በላን፣ ትንሹም እየዘፈነ ነበር። ስለዚህ መመለሱም እንደዚሁ የሚቀል መሰለኝ። ግን 20 ሄዶ 20 መመለስ 40 ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ አርባ ኪሎ ሜትር!

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ስንደርስ፣ ዝም ብሎ ወረደ። ብስክሌቱን ሳሩ ላይ አስተኛው። ቆቡን ፈትቶ አጠገቡ አስቀመጠ። አላለቀሰም፤ ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። እጁን ይዤ ሳየው መዳፉ ቀልቷል፤ የብስክሌቱ መያዣ ላስቲክ መስመር መስመሩ ሳይቀር ቆዳው ላይ ታትሟል። ለካ ሲደክመው በእግሩ ሳይሆን በእጁ ነበር ራሱን የደገፈው። ባለቤቴ የቀረውን 10 ኪሎ ሜትር ብቻዋን ነድታ መኪናውን አመጣች። እኔና ልጆቹ ዛፍ ሥር ጠበቅናት። ከዚያ ቀን በኋላ ትንሹ ሦስት ሳምንት ሙሉ "አልሄድም" አለ፤ እውነቱን ነበር።

መልሶ ያመጣው ኤሊ ነው። ቦዩ ውስጥ ውሃ ባለበት ቦታ ሁሉ የወደቀ ግንድ አለ፤ ግንዱ ላይ ኤሊዎች ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንገታቸውን ዘርግተው፣ የኋላ እግራቸውን ወደ ውጪ ሰድደው፣ አንዷ የሌላዋ ጀርባ ላይ ወጥታ። ስትጠጊ አንድ በአንድ ጠብ ጠብ እያሉ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። "ዛሬ አንነዳም፤ ኤሊ ብቻ እንቆጥራለን" አልኩት። አምስት ኪሎ ሜትር ሄደን ተመለስን። ገና መቀጠል ሲፈልግ ነው የመለስኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሱ ቀስቅሶኛል።

ስለዚህ ለስምንት ዓመቷ ልጅሽ መጀመሪያ ቀን ደርሶ መልስ ከ10 ኪሎ ሜትር አይብለጥ። ቀጥሎ 15። ከተመቻት 20። የ12 ዓመቱ ከዚያ በላይ ይችላል፤ ግን እሱ ደግሞ ፊት ፊት እየበረረ ታናሹን ያሳቅቃታል። እኛ ለትልቋ ሥራ ሰጠናት። በየማይሉ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ቆሟል። እሷ ቀድማ ትደርስና ምልክቱ ጋ ትጠብቀናለች፤ ውሃ የሚጠጣውም እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ጠብ ቀረ።

የመመለሱን ነገር ደግሞ ከእህትሽ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። እሷ መኪና ካላት፣ አንዱ አዋቂ መኪናውን ይዞ ቀድሞ መጨረሻው ላይ ይጠብቅ። ያኔ ልጆቹ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይነዳሉ፤ በአንድ ቀን የሚታየው በእጥፍ ይጨምራል። ማን መኪና ይዞ እንደሚቀር በየተራ አድርጉት። እኛ ቤት በዚህ ተጣልተን እናውቃለን።

ለእናንተ የምመርጠውም ይኸው ነው። መጀመሪያ ግሬት ፎልስ፤ ከጆርጅታውን 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ፏፏቴ ነው። በመኪና ድረሱና ከዚያ ወደ ላይ ትንሽ ንዱ። ሁለተኛው ሞኖኬሲ ድልድይ እስከ ፖይንት ኦፍ ሮክስ፣ 10 ኪሎ ሜትር፣ አንድ አቅጣጫ። ሦስተኛው ከብራንስዊክ ወደ ሃርፐርስ ፌሪ፣ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከተማዋ ከወንዙ ማዶ ናት፤ የሚሻገሩት በባቡሩ ድልድይ የእግረኛ መተላለፊያ ነው። መውጫው ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ስለሆነ ብስክሌቱን እታች ቆልፋችሁ ውጡ። ጊዜ ከተረፈ ሃንኮክ አካባቢ የድሮ ባቡር መንገድ አስፋልት ሆኗል፤ ከቦዩ ጎን ለጎን ይሄዳል። ዝናብ ከዘነበ እሱን ምረጡ።

ዝናቡ ቀላል ነገር አይደለም። የቦዩ መንገድ አፈርና ጠጠር ነው። በሐምሌና ነሐሴ እዚያ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ይመጣል። ከዝናቡ በኋላ ጭቃው ጎማና ፓራፋንጎ መሃል ገብቶ ይጠቀጠቃል። እኛ አንዴ በየመቶ ሜትሩ እየቆምን በእንጨት ስንፍቅ ዋልን፤ በመጨረሻ ፓራፋንጎውን ፈታሁት። በዘነበ ማግስት አትውጡ፤ ከወጣችሁም በጧት ይሁን። ወበቁም ከኛ ሙቀት ይለያል። አዳማ ላይ ላብሽ ወዲያው ይደርቃል፤ እዚያ አይደርቅም። ውሃ አብዝታችሁ ያዙ። መዥገርም አለ፤ ማታ የልጆቹን እግርና ብብት እዩ።

አዳር ከፈለጋችሁ በየተወሰነ ርቀቱ በነፃ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አለ፤ ሽንት ቤትና በእጅ የሚቀዳ ውሃ ይኖረዋል። ፓምፑ አንዳንድ ጊዜ ተዘግቶ ይገኛል፣ በሱ ብቻ አትተማመኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አዳሩን አልመክርም። ሜሪላንድ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የብስክሌት ቆብ ማድረግ ግዴታው መሆኑን አትርሺ። ከመውጣታችሁ በፊትም የተዘጋ ቦታ ካለ የፓርኩን ማስታወቂያ እዩ፤ ጥገና አይጠፋውም።

ሩቅ ቢሆንም ልቤ የቀረበት አንድ ቦታ አለ፤ የፖ ፖ ዋሻ። ከጆርጅታውን 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦዩ በተራራ ሆድ ውስጥ 950 ሜትር ያህል ይገባል። ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1836 ተጀምሮ ጀልባ ያለፈበት በ1850 ነው። ውስጡ ጨለማ ነው፤ በባትሪ፣ ብስክሌት እየገፉ፣ የእንጨት አጥሩን እየተደገፉ ይታለፋል። አጥሩን በጣትሽ ስትዳብሺው እዚህም እዚያም ተቦርቡሯል። በቅሎዎቹ ሲጎትቱ ገመዱ እየፋቀ ያስቀረው ጉድጓድ ነው። ልጄ ጣቱን ከተተበትና "እዚህ ጋ ልጆች ነበሩ አይደል?" አለኝ። ልክ ነው። የጀልባዎቹ ቤተሰቦች ጀልባው ላይ ይኖሩ ነበር፤ በቅሎ የሚነዱት ብዙ ጊዜ ልጆቻቸው ነበሩ። ይህንን ለልጆችሽ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሪያቸው። የኔዎቹ ከዚያ በኋላ ደክሞኛል ማለት ቀነሱ።

ለኛ ለአዳማ ልጆች የሚገርም ነገር ልጨምር። ቦዩ መቆፈር የጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1828 ነው። በዚያው ቀን ባልቲሞር ላይ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ተሽቀዳደሙ። ባቡሩ ከምበርላንድ የደረሰው በ1842፣ ቦዩ በ1850 ነው። ቦዩ እንደምንም እስከ 1924 ሠርቶ ከጎርፍ በኋላ ቆመ። ከተማችን ያደገችው በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ስለሆነ ይህ ታሪክ ለልጆች ቶሎ ይገባቸዋል።

አሁን ዝግጅቱ። ክረምት እስኪገባ ጊዜ አላችሁ፤ ለልምምድ ደግሞ ወንጂ አለልን። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው፣ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረው ወንጂ። መሬቱ ሜዳ ነው፤ በሸንኮራው መሃል ከአዋሽ የተጠለፈ ውሃ በቦይ ይሄዳል፤ በቦዩ ዳር የአፈር መንገድ አለ። እዚያ የሚያጋጥማችሁን ኮረኮንች፣ አቧራና ጭቃ ሁሉ እዚህ ታገኙታላችሁ። ሽቅቡን ልጆቹ አይንዱት፤ ከአዳማ ወደ ወንጂ ቁልቁለት ነው፣ መመለሱ ግን ያደክማል። ብስክሌቶቹን ፒክአፕ ላይ ጭናችሁ ውረዱ። ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ፤ ሸንኮራ የጫነ ተሽከርካሪ ሲመጣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። አንድ ነገር አደራ፦ ልጆቹ ቦዩ ውስጥ እግራቸውን እንዳይነክሩ፤ የወንጂ ቦዮች ቢልሃርዝያ አለባቸው።

ልምምዱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ አስተምሪያቸው። በአንድ መስመር ተከታትሎ መንዳት። ከሰው ጀርባ ሲደርሱ ደወል መደወልና ፍጥነት መቀነስ፤ እዚያ ቅድሚያ የእግረኛ ነው። ሁለቱንም ፍሬን ቀስ አድርጎ መያዝ፤ ጠጠር ላይ የፊቱን ብቻ ያፈነ ልጅ ይወድቃል። አንቺና ባለቤትሽ ደግሞ ጎሚስታ ጋ ቁጭ ብላችሁ ጎማ መለጠፍ ተማሩ። ቦዩ ዳር ጎሚስታ የለም። ካቴና ሲወልቅ መመለሱን ለ12 ዓመቱ ልጅ አሳዩት፤ ደስ ይለዋል።

ምግብ? ጭኮ ይዛችሁ ሂዱ። በቅቤ የታሸ ገብስ አይበላሽም፣ ትንሹ ሆድ ይይዛል። የኔ ልጆች እዚያ ከሚሸጠው ብስኩት ይልቅ ጭኮና ቆሎ ነበር የሚጠይቁኝ። እህትሽም የናፈቃት እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ በርከት አድርጊው።

እኛ በሚመጣው ቅዳሜ ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ወንጂ እንወርዳለን። ትንሹ ልጄ አሁን 12 ሞልቶታል፤ ከልጅሽ ጋር እኩያ ናቸው። ፒክአፑ ላይ ለአራት ብስክሌት ቦታ አለ። የምትመጡ ከሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ጎማቸውን ዓርብ ማታ ነፍታችሁ አሳድሩት።