ሞርጌጅን ከመተርጎማችሁ በፊት

ለጀማሪ ጠበቆችና ለሕግ ተርጓሚዎች፤

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ የብድር ውል ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ሞርጌጅ ማለት ለብድር ዋስትና ቤትን ወይም መሬትን ማስያዝ ነው፤ በውሉም «ሞርጌጀር» (ሞርጌጅ ሰጪ) እና «ሞርጌጂ» (ሞርጌጅ ተቀባይ) የሚሉ ቃላት ነበሩበት። ገንዘቡን የሚሰጠው ባንኩ ነውና ሞርጌጁንም የሚሰጠው እሱ ይሆናል ብዬ፣ ባንኩን መያዣ ሰጪ፣ ተበዳሪውን መያዣ ተቀባይ አድርጌ አስረከብኩ። አለቃዬ ወረቀቱን አይቶ «ባንኩ ነው ቤቱን ለሰውየው ያስያዘው?» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ዛሬም አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ «ከባንክ ሞርጌጅ ወሰድኩ» ይሉኛል። ለቡና ጨዋታ ይሁን፤ ለውል ግን አይሆንም። ባንክ የሚሰጠው ብድር ነው። ሞርጌጁን የሚሰጠው ቤቱን የሚያስይዘው ሰው ነው።

ቃሉ እንግሊዞች ከፈረንሳይ ከመጡት ኖርማን ገዢዎቻቸው የወረሱት የጥንት ፈረንሳይኛ ሲሆን «የሞተ መያዣ» ማለት ነው። ምኑ ሞተ? በ15ኛው መቶ ዘመን ዳኛው ቶማስ ሊትልተን ሲያስረዳ፣ ተበዳሪው በቀጠሮው ካልከፈለ መሬቱ ለእሱ ሞተ፤ ከከፈለ ደግሞ መያዣው ለአበዳሪው ሞተ ይላል። ያምራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ የቀደመው ፍቺ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተጻፈውና በግላንቪል ስም የሚጠራው የሕግ መጽሐፍ፣ «የሞተ» የሚለው አበዳሪው የመሬቱን ፍሬ እየበላ ዕዳው ግን የማይቀነስበትን መያዣ ነው።

ይኼ እኮ የኛው ወለድ አገድ ነው! ገበሬው ብር ይወስዳል፤ አበዳሪው መሬቱን አርሶ ምርቱን ጎተራው ያገባል፤ ዋናው ብር አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ይጠብቃል። ምርቱ የወለዱ ምትክ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን ከአንቀጽ 3117 ጀምሮ ለብቻው ደንግጎታል።

እንግዲህ ሞርጌጅን ወለድ አገድ ብለን እንተርጉም? በፍጹም። የዛሬው ሞርጌጅ ባለቤቱን ከቤቱ አያስወጣም፤ ዕዳውን እየከፈለ ይኖርበታል። ስለዚህ «የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ» በሉት። ረዘመ ብላችሁ «መያዣ» ብቻ ብትሉት መኪናም ወርቅም ይገባበታል።

መዝገበ ቃላቱን ከመግለጣችሁ በፊት ቤቱ ውስጥ የሚያድረው ማን እንደሆነ፣ ኪራዩንስ ማን እንደሚሰበስብ ከውሉ ፈልጉ። እኔ እስካሁን በ«ሞርጌጀር» እና በ«ሞርጌጂ» አናት ላይ «አስያዥ»፣ «ያዥ» ብዬ በእርሳስ ሳልጽፍ ሥራ አልጀምርም።